ከጨዋታው ውጪ የነበሩት ዋስ

ባለፈው ሳምንት ከወረኢሉ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። እኔ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጌ የጥቅምትን ነፋስ እየሳብኩ ነበር። ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ስንዴው ገና እያመነታ፣ መንገዱም ከክረምቱ ጭቃ ተላቆ አቧራ የጀመረበት ጊዜ ነው። ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል አንደኛው ልጅ ለጓደኛው፣ «ወንዙን እለቅልሃለሁ፤ ግን መጀመሪያ ዋስ ጥራ» ሲለው ሰማሁ።

«ማንን ልጥራ?»

«የፈለግከውን። ቱርኩን ብቻ እንዳትጠራብኝ፤ እሱ ባለፈውም ተኝቶ ነበር።»

እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ምን እየተጫወቱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የነገሥታት ጨዋታ ነው አሉኝ፤ ከየአገሩ ሰው አለበት፣ ይዋዋላሉ፣ ይዋጋሉ። ዋስ አምጡ የሚላችሁ ጨዋታው ነው ወይ አልኳቸው።

«ኧረ ጨዋታውስ ዋስ የሚባል ነገር አያውቅም፣ እትዬ» አለኝ መነጽር ያደረገው። «እኛ ነን። በኛ አገር እንደዚያ ነው የምንጫወተው። ድሮም እንደዚያ ነው።»

ድሮም! አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ነካት ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ሳቅሁ። ድሮ የተባልኩት እኔ ነኝ። ያንን ሕግ በገዛ እጄ፣ በባለ ካሬ ደብተር ላይ የጻፍኩት እኔ ትርንጎ ነኝ። ማን ያምነኛል? ለልጆቹ ምንም አላልኳቸውም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ሆዴ ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ነገር አለበትና።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰይድ የሚባል ሰው ከዓረብ አገር ተመልሶ አራት ኮምፒውተር በገመድ አገናኘና ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት ከፈተ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ዝናብ ሲወርድበት አጠገባችሁ ያለው ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ጭቃውን እንዲጠጣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ይበተናል። እስከ ዛሬ ድረስ የእርጥብ ሰጋቱራ ሽታ ሲሸተኝ ልቤ ድው ድው ይላል። ሌላው ሰው በሽቶ ይነካል፣ እኔ በሰጋቱራ!

ጨዋታው ቀላል ነው። አራት ሰው፣ አራት መንግሥት፣ አንድ ካርታ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። መንደር መሥራት፣ እህል ማከማቸት፣ ወታደር ማሰልጠን አለ፤ ዋናው ጥያቄ ግን ከማን ጋር ትቆማለህ የሚለው ነው። ብቻውን ቆሞ ያሸነፈ አንድም ሰው አላየሁም። የኛን ጨዋታ ደግሞ ከሌላው ዓለም የለየው መብራት ነው። መብራት ይጠፋላ! በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እልም ይላል። ሰይድ በየሩብ ሰዓቱ «ሴቭ አድርጉ» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነበር። መብራት ሲጠፋ አራቱ ነገሥታት ወደ በረንዳው ይወጡና፣ ሻይ ከምትሸጠው ሴት አጠገብ ከቆላ የመጣ በቆሎ እየተጠበሰ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ማንሾካሾክ ይጀምራሉ። እውነተኛው ጦርነት እዚያ በረንዳ ላይ ነበር።

እኔ ዳኛ ነበርኩ። መጫወቱን ሞክሬው ነበር፤ ወታደር ልላክ ብዬ በግ እልካለሁ፣ በጉም ይታረዳል። ነገር ግን ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፣ ማንም አዳላች ብሎ አይጠረጥረኝም፣ ደግሞም ቁጣዬን ይፈሩ ነበር። ሰይድ ዳኛ ያደረገኝ አንድ ቀን ሁለት ልጆች «ተማምነን ነበር፣ ከዳኸኝ» ተባብለው በቡጢ ተያይዘው ኪቦርድ ከሰበሩ በኋላ ነው። ቤቱን እዘጋለሁ ብሎ ፎከረ። ያኔ ነው አባቴ ከብት ገበያ ሲውል የማየው ነገር ትዝ ያለኝ። አባቴ በሬ ሲገዛ ሻጩ ዋስ ካልጠራለት ገመዱን አይቀበልም። በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይከፍላላ። «ለምን እኛም እንደዚያ አናደርግም?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ ተቀበሉት።

ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ነገሥታት ሲዋዋሉ ዳኛዋ ፊት ይዋዋሉ፣ ዋስም ይጥሩ፤ አንዱ ውሉን ቢያፈርስ ዋሱ ያፈረሰውን ይውጋ። መብራት ጠፍቶ እስኪመሽ ካልመጣ ደግሞ ዳኛዋ ማን ምን እንደያዘ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ አይታ ትፍረድ። አቤት ያ ደብተር! ሰዉ ከቴሌቪዥን ዜና ይልቅ እሱን ያነብ ነበር።

በዚያ ክረምት ሰይድ ከላላ ላይ ሁለተኛ ጌም ቤት ሊከፍት ተነሣ። ነሐሴ ላይ ውድድር አድርገን ያሸነፈው ልጅ የከላላውን ቤት ይዞ ይሠራል አለ። ለሌላው ሰው ይህ ወሬ ነው። ለእንድሪስ ግን ሕይወቱ ነበር። እንድሪስ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በአንድ ግቢ ነው ያደግነው። እናቱ በጾማችን ቀን ለእኛ ብለው ለብቻው ድስት ይጥዱ ነበር። ፓስፖርቱ ወጥቶ ደላላው ወደ ዓረብ አገር መንገድ እስኪያስጀምረው እየተጠበቀ ነው። ያ መንገድ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሄደ ልጅ ዜናው ሳይሰማ ዓመት የሚቀመጥበት ቤት በየሰፈሩ አለ። «ትርንጎ፣ ካሸነፍኩ አልሄድም» አለኝ። «ካላሸነፍኩ መስከረም እዚህ አያገኘኝም።» ሰው በኔና በሱ መካከል ሌላ ነገር ይጠረጥር ነበር። ይጠርጥር። እኔ ብቻ እንዳይሄድ ነበር የምፈልገው፤ በጣም ነበር የምፈልገው።

የመጨረሻው ግጥሚያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ ከተማው ላይ ተኝቷል፤ በቅሎዎች ከጉሙ ውስጥ ጭንቅላታቸው ቀድሞ ብቅ ይላል። እንድሪስ ቀይን ያዘ። ሰማያዊን ጌታቸው ያዘ፤ ዝምተኛ፣ የሚያስበውን ነገር ፊቱ ላይ የማታነቡት ልጅ። ቢጫና አረንጓዴ ለሁለት ወንድማማቾች ደረሱ፤ ከማሻ መጥተው አክስታቸው ዘንድ ክረምቱን የሚያሳልፉ። ከመጀመሩ በፊት እንድሪስ ወደ ጥግ ጎተተኝ። ዓይኑ ያበራል።

«ሕግሽ ቀዳዳ አለው» አለኝ። «ዋሱ ያፈረሰውን ይወጋል አልሽ አይደል? ዋሱ ጨዋታው ውስጥ የሌለ ሰው ቢሆንስ? በምን ወታደሩ ይወጋኛል?»

አምላኬ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው! ተናድጄም ተደስቼም ነበር። ዳኛ ነሽና ቀዳዳውን አሁኑኑ ድፈኚ የሚል ድምፅ በውስጤ ነበረ። አልደፈንኩትም። ደብተሬን አቅፌ ወንበሬ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሲፋለሙ ቆዩ። ቀይና ሰማያዊ በአንድ ትልቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ተፋጠው ቆመዋል፣ አንዱም ሌላውን ፈርቶ አይንቀሳቀስም። ወንድማማቾቹ ከኋላ የጌታቸውን መንደሮች ይነካካሉ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ሁሉም ወደ በረንዳው ወጣ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። እንድሪስ ቀጥ ብሎ ወደ ጌታቸው ሄደ።

«ወንዙ ድንበራችን ይሁን» አለው። «አንተ ወታደርህን አንሣና ወንድማማቾቹን ግጠም። እኔ አልሻገርም።»

«ዋስ ጥራ» አለ ጌታቸው።

«ወንድማማቾቹን አታምናቸውም፤ እኔም አላምናቸውም። ትልቅ ሰው ልጥራልህ። አባባ ይማምን።»

አባባ ይማም ከሻይ ሻጯ አጠገብ በቅሏቸውን አስረው ዝናቡን እያሳለፉ ነበር። በከብት ገበያችን ዋስ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ለአባቴም በሬ ስንት ጊዜ ዋስ ሆነዋል። ጌታቸው ፊቱ በራ። እሳቸውን ጠርቶ የሚክድ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሁለቱ ፊታቸው ቆመው የድንበር ጉዳይ እንዳለባቸው ነገሯቸው። ጨዋታ ነው ያለ የለም። እኔም አላልኩም።

«መርሐባ፣ ደግ አደረጋችሁ» አሉ አባባ ይማም ብርጭቋቸውን አስቀምጠው። «ድንበራችሁ ምንድን ነው?»

«ወንዝ ነው፣ አባባ።»

«ክረምት ከበጋ ይፈሳል?»

«ይፈሳል።»

«ከላይ የሚያጠጣው ማነው? ግጦሹስ?»

እንድሪስ ሁሉንም መለሰ። እውነቱን ለመናገር ካርታው ላይ ያለውን አንድም ሳያዛባ ነው የመለሰው። አባባ ይማም ሰምተው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ፣ የልጆቹ ዳኛ ነሽ አሉኝ። አባትሽን አውቃለሁ። ይህ ልጅ ቃሉን ይጠብቃል?»

እንድሪስን አላየሁትም፤ ባየው አባባ ይነቁብኛል ብዬ። «ይጠብቃል፣ አባባ» አልኩ።

«እንግዲያስ ዋስ ነኝ» አሉ። እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

መብራቱ መጣ። ቤቱ ውስጥ መቆሚያ የለም፤ ከገበያ የተመለሰው ሁሉ ዝናቡን ሽሽት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጌታቸው ቃሉን አክብሮ ሠራዊቱን በሙሉ ከወንዙ አንሥቶ ወደ ወንድማማቾቹ ነዳው። እኔ የማየው ቀዩን ብቻ ነው። ቀዩ ቆሟል፤ አሁንም ቆሟል። ከዚያ ፈረሰኞቹ ውሃው ውስጥ ገቡ። «ተሻገረ! ተሻገረ!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ አንዱ አግዳሚው ላይ ወጣ፣ ሰይድ ራሱን ይዞ ዘለለ። የጌታቸው መንደሮች አንድ በአንድ ቀይ ሆኑ። ኀጢአቴን ልናዘዝ፤ ልቤ በደስታ ልትወጣ ነበር።

«ዋስ!» አለ ጌታቸው ከወንበሩ ተነሥቶ።

ወንድማማቾቹ በሳቅ ፈነዱ። ዋሱ ውጭ ሻይ እየጠጡ ነው! ጌታቸው ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ሰዉን እየጣሰ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ አባባ ይማም በዚያ አጭር በር ጎንበስ ብለው፣ ብርድ ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ሰይድ ተነሥቶ ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም።

«መሬቱ የታለ?» አሉ።

ጌታቸው ስክሪኑን አሳያቸው። ለረዥም ጊዜ አዩት። «ይህ ሰማያዊው ወንዙ ነው?» ሲሉ አዎ አልናቸው። «ተሻግሯል?» ሲሉ ደግሞ ተሻግሯል አልናቸው።

«ጨዋታ መሆኑን አልነገራችሁኝም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ግን ዋስ ነኝ ያልኩት በጨዋታ አይደለም። እስኪ ወንበሩን አምጣው። የዋስ ዕዳው ምንድን ነው?»

«ያፈረሰውን መውጋት ነው፣ አባባ» አለ ጌታቸው።

«ትርንጎ፣ ሕጉ!» አለ እንድሪስ። «ጨዋታው ከተጀመረ ሰው አይገባም!»

ሁሉም እኔን አየኝ። ደብተሩን ገለጥኩ፤ ምን እንደሚል በቃሌ እያወቅኩ ገለጥኩት። ዋሱ ያፈረሰውን ይውጋ ይላል። ተጫዋች ይሁን አይልም፤ ተጫዋች ካልሆነ አይግባም አይልም። ቀዳዳው ለእንድሪስ እንደሰፋ ለሳቸውም ሰፍቷል። አይግቡ ብል እንድሪስ ከላላ ይገባል። ይግቡ ብል ምናልባት ያንን መንገድ ይሄዳል። አባባ ይማም ደግሞ ያዩኛል፤ የተቆጣ ፊት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እንዲሁ ነበር የሚጠብቁኝ። አንድ ጊዜ እኔን አምነው ተዋርደዋል።

«ዋሱ ይግቡ» አልኩ። እንድሪስ ስሜን ብቻ ጠራ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። አባባ ይማም ማውሱን አልነኩም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከጌታቸው ጎን ተቀመጡና፣ ጦር ያዛሉ ስንል፣ ወደ ወንድማማቾቹ ዞረው «የማን ልጆች ናችሁ?» አሉ። የማሻ መሆናቸውን ነገሯቸው። አያታቸውን ያውቁታል፤ ከሱ በቅሎ ገዝተዋል። «ከዚህ ልጅ ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አሏቸው። አንድ ትልቅ ከተማ ነው፣ ተራራው ሥር ያለው። «ስጣቸው» አሉት ጌታቸውን።

«አባባ፣ የቀረኝ ትልቁ ከተማ እኮ ነው!»

«ስጣቸው። ይዘኸው ከሦስት ሰው ጋር ትዋጋለህ፤ ሰጥተኸው ከአንድ ሰው ጋር።»

ሰጠ። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ቢጫውና አረንጓዴው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቀዩ ወረዱ። ሰዉ አበደ። ከፊት ሰማያዊ፣ ከጎን ቢጫ፣ ከላይ አረንጓዴ! እንድሪስ ጥርሱን ነክሶ ይፋለማል፤ ጣቶቹ አይታዩም። ሁለት ጊዜ ከበባውን ሰብሮ ወጣ፣ ሁለቴም እኔ ወንበሬን ጨብጬ ትንፋሼን ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ ወንዙ ጥግ ተጣበቀ። «በቃ፣ ቁሙ» አሉ አባባ ይማም። «ልጄ፣ ወደ ድንበርህ ትመለሳለህ?»

እንድሪስ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መብራቱ ድርግም አለ።

ጠበቅን። ዝናቡ አባራ፣ ሻይዋ ሁለተኛ ፈላች፣ ፀሐይ ወደ ዓባይ በኩል ዘቀዘቀች፤ መብራት የለም። ፍርዱ የኔ ሆነ። ሰማያዊው ከቀዩ ያነሰ መሬት ነበረው፤ አብሮት የቆመ ግን ነበረው። ቀዩ ማንም አልነበረውም። «ጌታቸው» አልኩ። እንድሪስ ጃኬቱን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ቆይ» አለው ጌታቸው። «እኔ እኮ ኮሌጅ ደርሶኛል፤ መስከረም እገባለሁ። ከላላን ምን አደርገዋለሁ? በረንዳው ላይ ብትጠይቀኝ አብሬህ ወግቼ ራሴ እሰጥህ ነበር።»

እንድሪስ በሩን ይዞ ቀረ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ውል አይቻለሁ፤ አሁን የምሠራው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። እንደዚያ ያለ የሚያንገበግብ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሰይድ አንገቱን ነቀነቀ። ውል ለሚያፈርስ ሰው የቤቴን ቁልፍ አልሰጥም አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አልሰጥም።

«ዋስ ቢኖረውስ?» አሉ አባባ ይማም።

ሁላችንም ዞርን። እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት። «አንቺ ልጅ፣ ቅድም ይጠብቃል ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼዎት ነው፣ አባባ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «እንደሚሻገር አውቅ ነበር።»

«አብሽሪ። አሁንስ? ቁልፉን ቢይዝ ቃሉን ይጠብቃል?»

ይጠብቃል ማለት ፈለግኩ። በጣም ፈለግኩ። እንድሪስን አየሁት፤ እሱም መሬት መሬቱን ያያል። «አላውቅም፣ አባባ» አልኩ።

«ይኸውልሽ፣ አሁን ዳኛ ሆንሽ» አሉ ዱላቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «ብታውቂውማ ዋስ ምን ይሠራል? ሰይድ፣ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ቁልፉን ስጠው።»

እንድሪስ ከላላ ገባ። ስልክ ሁሉንም ጌም ቤት እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ሠራ፤ ዛሬ በዚያው ቤት ስልክ ይጠግናል፣ ሦስት ልጆች አሉት። ፓስፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ጊዜው አለፈበት። አባባ ይማም እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን ስለሱ ሥራ ሰይድን ጠይቀው አያውቁም። ሲያርፉ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እንድሪስ ነበር።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጨርስ መነጽር ያደረገው ልጅ ወደኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ዋስ አጣን። እርስዎ ይሁኑልን።»

«እኔ እኮ ጨዋታው ውስጥ የለሁም።»

«ከጨዋታው ውጪ ቢሆኑ ይሻላል» አለና ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጥግ ቆሜ እንድሪስ ፊት ላይ አይቻታለሁ።

ወደ ጓደኛው ዞርኩ። «ይህ ልጅ ቃሉን ይጠብቃል?»

ጓደኛው አየው፣ አሰበ፣ ራሱን አከከ። «አላውቅም፣ እትዬ» አለ።

«እንግዲያስ ዋስ ነኝ» አልኩና መነጽሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «እስኪ ስልኩን ስጡኝ። ወንዙ የቱ ነው?»